«ይሄ እከክ ዛፋችንን ጨረሰው»፦ ወይራ ላይ የተገኘ የአንድ ላይከን ጉዳይ ጥናት

ነገሩ እንዴት መጣ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ቴሌግራሜን ስከፍት ከአክስቴ ልጅ ሦስት ፎቶ መጥቶልኛል። የወይራ ግንድ ነው። ግንዱ ላይ ግራጫ፣ ዳር ዳሩ የተጠቀለለ፣ የደረቀ ጎመን የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ይሄ እከክ ዛፋችንን ጨረሰው። ምን እንርጭበት?»

ዛፎቹ ያሉት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሆለታ መስመር በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያኗንም የሰዎቹንም ስም አልጽፍም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ላይከን (የዛፍ ሽበት የምንለው) በትርፍ ጊዜዬ የማየው ነገር እንጂ የተካንኩበት ሙያ አይደለም፤ ይህን ቀድሜ የምናገረው ከታች የምታነቧቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የእኔ ስለሆኑ ነው።

ጉዳዩን ለመጻፍ የወሰንኩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስቴ መጥቶልኛል፣ ሁሌም «ምን እንርጭ» በሚል ነው የሚጀምረው። ሁለተኛ፣ የላይከኑን ስም ለማግኘት ስንት ቀን ደክሜ፣ ዋናው መልስ ግን በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ ነግረውኝ ልብ ያላልኩት ነገር ሆኖ ተገኘ።

ግቢውና ዛፎቹ

ከቅጥሩ ዳር ዘጠኝ ያረጁ ወይራዎች አሉ። ከጀርባቸው ጥድ አለ፣ በአንድ ጥግ ደግሞ አንድ ትልቅ ዝግባ ቆሟል። ከዘጠኙ ወይራዎች የሁለቱ አናት መድረቅ ጀምሯል። ቅጠላቸው ሳስቷል፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ራቁቱን የቀረ ቅርንጫፍ ይታያል። እነዚሁ ሁለቱ ናቸው በግራጫው ነገር ከወገብ በላይ የተሸፈኑት። ሌሎቹም ላይ አለ፣ ግን ጥቂት ነው።

አካባቢውን የሚንከባከበው ኮሚቴ ሦስት ሐሳብ ቀርቦለት ነበር። ፍቆ ማንሳት፣ ማላታይን መርጨት፣ ወይም ግንዱን ኖራ መቀባት። ፍቆ ማንሳቱ ተጀምሯል። አንዱ ዛፍ ላይ ከሰው ቁመት በታች ያለው በሙሉ በቆንጨራ ተፍቆ ቅርፊቱ ቆስሏል። እኔ ስደርስ የቀረውን ለቅዳሜ ቀጥረውታል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰማንያ የሚጠጉ አባት ናቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ይሄን ዛፍ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጥላው ሳለ ግንዱ ንጹሕ ነበር። ሽበት ያወጣው አሁን፣ አናቱ ከሳሳ ወዲህ ነው።»

እሺ አባቴ ብዬ አለፍኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም። ይህችን አባባል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ላይከን ማለት፣ ባጭሩ

በእኛ አገር ብዙ ሰው የዛፍ ሽበት ይለዋል፣ ድንጋይ ላይ ከሆነ ደግሞ የድንጋይ ሽበት። ጥሩ ስም ነው፣ ችግሩ ግን በጣም ብዙ ዓይነት በአንድ ቃል ይጠራል። ከቅርንጫፍ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውም ሽበት ነው፣ እንደ ቅጠል የሚለጠፈውም፣ እንደ ቀለም ፍንጣቂ ድንጋይ ላይ የሚደርቀውም።

ላይከን አንድ ፍጥረት አይደለም። ፈንገስ ቤቱን ይሠራል፣ ውስጡ የሚኖረው አልጌ (አንዳንዴ ሲያኖባክቴሪያ) ከፀሐይ ምግብ ያዘጋጃል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ በግልጽ ያስቀመጠው ሲሞን ሽቬንድነር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው ነው፣ የዘመኑ የላይከን ሊቃውንትም ብዙዎቹ ተቆጥተውበት ነበር። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ግን ይሄ ነው፦ ላይከን ሥር የለውም። ከቅርፊቱ ጋር የሚይዙት ጥቃቅን ጸጉር መሰል መያዣዎች ናቸው፣ ከዛፉ ምግብ አይስቡም። ውኃውን ከዝናብና ከጉም ይወስዳል። ዛፉ ለእሱ መቀመጫ ነው እንጂ ገበታ አይደለም።

ይህን ለኮሚቴው በቃል አስረዳሁ። አንዱ አባል ትኩር ብሎ አየኝና «ታዲያ የደረቀው ዛፍ ላይ ለምን በዛ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልስ ግን አልነበረኝም። «መጀመሪያ ምን እንደሆነ በስሙ እንለየው፣ አንድ ሁለት ሳምንት ስጡኝ» ብዬ ለመንኩ። ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ከፎቶ ላይ ስም ማውጣት

እውነቱን ለመናገር፣ ስሙን ገና ከመሄዴ በፊት ሰጥቼው ነበር። ሦስቱን ፎቶዎች ስልኬ ላይ ባለ መተግበሪያ አሳየሁት። ለመጀመሪያው ፎቶ ፓርሞትሬማ ፐርላተም አለኝ። ይህ ዝርያ የታወቀ ነው፣ ሕንዶች ለወጥ ቅመም የሚጠቀሙበት ነው። ደስ አለኝና ለአክስቴ ልጅ «ፓርሞትሬማ ፐርላተም ይባላል፣ ዛፉን አይጎዳም፣ አትንኩት» ብዬ ጻፍኩለት። እሱ ደግሞ ይህንኑ ስብሰባ ላይ አነበበው። ከዚያ ምን ተባለ መሰላችሁ? «ስሙ ከታወቀማ መድኃኒቱ ይገኛል!»

ማታ ሁለተኛውን ፎቶ አሳየሁት። ሌላ ስም ሰጠኝ። ፎቶዎቹ የአንድ ግንድ ናቸው፣ ልዩነቱ አንዱ በደረቅ ቀን፣ አንዱ ከዝናብ በኋላ መነሳቱ ብቻ ነው። ላይከን ሲርስ የላይኛው ቆዳው ስለሚያሳይ የውስጡ አልጌ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ሲደርቅ ተመልሶ ግራጫ ይሆናል። መተግበሪያው ሁለት ቀለም አየና ሁለት ስም ሰጠ፣ በዚህ አልፈርድበትም። ፎቶዎቹ ላይ ሥረኛው ገጽ አይታይም፣ ዳሩ በቅርብ አይታይም፣ መጠኑን የሚያሳይ ሳንቲም እንኳ አልተቀመጠም። በእንዲህ ዓይነት ፎቶ ሊባል የሚቻለው «ቅጠል መሰል፣ ሰፋፊ ክንፍ ያለው፣ ምናልባት ፓርሞትሬማ» ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ሁለተኛው ስህተት፦ ፌስታል

ቅዳሜ ሄድኩ። የግቢውን አለቃ ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ባርከው ፈቀዱልኝ። ከአምስት ዛፍ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቁራሽ በቢላዋ አነሳሁ። ከተማ ቀጠሮ ነበረኝ፣ ቸኩያለሁ። ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ ከትቼ፣ ፌስታሉን ቋጥሬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

ሰኞ ማታ ስከፍተው ሸተተኝ። ጠዋት ሳነሳው እርጥብ ስለነበር ሻግቷል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የትኛው ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ አይታወቅም። ከደረቀው ወይራ ነው? ከጤነኛው? ከጥዱ? ከግንድ ነው ከቅርንጫፍ? የሁለት ሰዓት መንገድ ሄጄ የሻገተ ጎመን ይዤ ተመለስኩ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሄድኩ። አሁን የወረቀት ፖስታ ይዣለሁ፣ ለእያንዳንዱ ቁራሽ አንድ ፖስታ። ፖስታው ላይ እዚያው ቆሜ በእርሳስ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ዛፉ ምን እንደሆነ፣ ከመሬት በስንት ቁመት ላይ እንደነበረ፣ በየት በኩል እንደሚያይ፣ ቅርፊቱ ለስላሳ ይሁን የተሰነጣጠቀ፣ ፀሐይ ያገኘዋል ወይስ ጥላ ነው፣ አጠገቡ ሌላ ምን አለ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያስገባሁት ለሙላት ያህል ነበር። ኋላ ላይ ግን ጉዳዩን የፈቱት እነሱ ናቸው።

በሌንስ ያየሁት

ማይክሮስኮፕ የለኝም። ያለኝ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ሌንስ ነው። አያያዙን ካወቁበት ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ሌንሱን ዓይን ላይ ማስጠጋት፣ ከዚያ ናሙናውን ወደ ሌንሱ ማምጣት። ብዙ ሰው ሌንሱን ከናሙናው ላይ አድርጎ ከሩቅ ያያል፣ ከዚያ «ምንም አይታይም» ይላል።

የላይኛው ገጽ ግራጫ ነው። በሌንስ ሲታይ ግን ዝም ያለ ግራጫ አይደለም። መላው ገጽ ላይ በጣም ቀጭን ነጭ መስመር እንደ መረብ ተዘርግቷል፣ በአረጀው ክፍል ላይ መስመሩ ወደ ስንጥቅ ይለወጣል፣ ልክ የደረቀ የኩሬ ጭቃ። የክንፎቹ ዳር ላይ እዚህም እዚያም ዱቄት የነሰነሱበት የመሰለ ነገር አለ። ይህ ሶሬዲያ ነው። ጥቂት የፈንገስ ክርና ጥቂት አልጌ አብረው የተጠቀለሉበት ፍርፋሪ ሲሆን ነፋስና ዝናብ ይወስደውና ሌላ ቦታ አዲስ ላይከን ይጀምራል። ከዳሩ ጥቁር ጸጉር አልፎ አልፎ ብቅ ብሏል። ሥረኛው ገጽ መሐሉ ጥቁር፣ ወደ ዳር ቡናማ ነው፣ መያዣ ጸጉሮቹም ወደ ዳር ድረስ ይሄዳሉ።

በምሥራቅ አፍሪካ የመለያ ቁልፍ (ባሕርይ በባሕርይ እየለዩ ስም ላይ የሚደርሱበት መመሪያ) ስሄድ ሦስት ስም ቀረ። ፓርሞትሬማ ፐርላተም ዱቄቱ አለው፣ መረቡ ግን የለውም። ፓርሞትሬማ ቲንክቶረም ደግሞ ዱቄት ሳይሆን ኢሲዲያ የሚባሉ፣ እንደ ጣት የቆሙ ጥቃቅን ጉጦች ናቸው ያሉት። ፓርሞትሬማ ሬቲኩላተም መረቡም ዱቄቱም አለው፤ ስሙም ራሱ «መረብማ» እንደማለት ነው። ይህን ቡድን አንዳንዶች በመረቡ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1990 ለብቻው ሪሜሊያ የሚል ወገን ሰጥተውት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በዘረመል (ዲኤንኤ) ጥናት ተመልሶ ፓርሞትሬማ ውስጥ ገባ። ስለዚህ የድሮ ጽሑፍ ላይ ሪሜሊያ የሚል ካያችሁ አትደናገሩ።

እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብላችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ባልኩ ነበር። ግን በዚህ ዝርያ ዓይን ብቻውን ስለማይበቃ ኬሚካሉን መሞከር ነበረብኝ።

ኬሚካሉ፣ በረኪናውና የብር መብራቱ

ላይከኖች በአካላቸው ውስጥ የተለያየ አሲድ ያጠራቅማሉ። በጠብታ ኬሚካል ቀለማቸው ሲለወጥ የትኛው አሲድ እንዳለ ይገመታል። የተለመዱት ሁለት ናቸው፦ 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ (ኬ ይሉታል) እና በረኪና (ሲ ይሉታል)። የመጀመሪያውን ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬ በጥቂቱ ሰጠችኝ፣ የቆዳ ፈንገስ ለማየት ስለሚጠቀሙበት አላቸው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። በረኪናው ከጓዳ ነው።

ኬ ጠብ አደረግሁ። ቢጫ ሆነ። «ቢጫ» ብዬ ጻፍኩ። ቁልፉ ላይ ቢጫ ሆኖ ወደ ብርቱካናማ የሚሄደው ፐርላተም ነው፣ ቢጫ ሆኖ ደም የሚመስለው ሬቲኩላተም። የእኔ ቢጫ ስለቀረ ወደ ፐርላተም አዘነበልኩ። መረቡንስ? መረቡን ችላ አልኩት። ሰው አንዴ የሰጠውን ስም ማጣት አይወድም መሰለኝ።

ሁለት ነገር አበላሽቼ ነበር። ጠብታውን ያደረግሁት ቆዳው ላይ ነው፣ ቆዳው ደግሞ አትራኖሪን የሚባል ነገር ስላለው ሁሌም ቢጫ ይሆናል። መሞከር ያለበት ከቆዳው ሥር ያለው ነጩ ክፍል ነው። በተጨማሪም ቶሎ ዓይኔን አነሳሁ። በማግስቱ በአዲስ ምላጭ ቆዳውን ስስ አድርጌ ፍቄ ነጩን አወጣሁና አንድ ጠብታ አሳረፍኩ። ቢጫ። ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅሁ። ደቂቃ ሳይሞላ ቢጫው መሐሉ ላይ ቀላ፣ ከዚያ ወደ ዳር ሄደ፣ ከዚያ ደም መሰለ። ሳላዚኒክ አሲድ ነው። ፐርላተም በዚሁ ወደቀ።

በረኪናው ሌላ ታሪክ አለው። ቲንክቶረም ከሆነ ነጩ ክፍል በበረኪና ወዲያው መቅላት አለበት። ጠብ አደረግሁ፣ ምንም። «ሲ አሉታዊ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ ከጀርባዬ ሆና «ያ በረኪና እኮ ውኃ ነው፣ ነጭ ልብስ እንኳ አያነጣም» አለችኝ። አንድ አሮጌ ባለቀለም ጨርቅ ላይ አንጠባጠብኩት። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ወይ ከርሞ ሞቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ቀጥነውታል። አዲስ የታሸገ ገዛሁ፣ ጨርቁ ላይ ሞከርኩት፣ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ላይከኑ ላይ ደገምኩት። አሁንም አልቀላም፣ ግን አሁን «አልቀላም» ማለት ትርጉም አለው።

ለኬም ማረጋገጫ አበጀሁለት። ከዚያው ግቢ ወድቆ ያገኘሁት ቅርንጫፍ ላይ ቴሎስኪስቴስ የሚባል ብርቱካናማ፣ ጸጉራም ላይከን ነበር። ጤነኛ ኬ ሲነካው ብርቱካናማው ወዲያው ወደ ሐምራዊ ቀይ መለወጥ አለበት። ተለወጠ።

የመጨረሻው ሙከራ ሱቅ ውስጥ ነው የተደረገው። ሐሰተኛ ብር የሚፈተሽበት ሰማያዊ መብራት አለ አይደል? ጨረሩ አልትራቫዮሌት ነው። አንዳንድ የፓርሞትሬማ ዝርያዎች ሊከዛንቶን የሚባል ነገር ስላላቸው በዚህ መብራት ደማቅ ቢጫ ያበራሉ። ባለሱቁን አስፈቅጄ ከመቶ ብሮቹ ጎን አስቀመጥኩት። አላበራም። ባለሱቁ «ሐሰተኛ ነው ማለት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ፓርሞትሬማ ሬቲኩላተም ሆነ። ፖስታው ላይ የጻፍኩት ግን «በሰፊው ትርጉም» የሚል ጨምሬ ነው፣ ምክንያቱም በዚህ ስም የሚጠሩት በመልክ የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ ናቸው፤ አንዳንዶቹን በሌንስና በጠብታ ብቻ መነጠል አይቻልም።

ሱባ ላይ ያየነው

ስሙ ተገኘ። የኮሚቴው ሰው ጥያቄ ግን እዚያው ነው፦ ለምን የደረቀው ላይ በዛ? ይሄንን ሌንስ አይመልሰውም። ይህ ላይከን ማንም ሳይነካው የት እንደሚኖር ማየት ነበረብኝ፣ ስለዚህ ከሁለት ተማሪዎቼና ከአክስቴ ልጅ ጋር መናገሻ ሱባ ጫካ ሄድን።

ሱባ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። በተለምዶ እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶው፣ ከዚያም አስታው በየደረጃው ይገኛሉ። ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም፣ ምክንያቱም ከግቢው ወይራ ጋር አንድ ዓይነት ዛፍ በተፈጥሮ ቦታው፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ቆሞ ይታያል።

ጥቅጥቅ ባለው ክፍል ገባን። ጨለማ ነው፣ ይቀዘቅዛል። የግንዶቹ ግርጌ ሽበት በሽበት ይሆናል ብለን ነበር። አልሆነም። ሞስ የሚባለው አረንጓዴው ምንጣፍ፣ ትንንሽ ፈርን፣ ከቅርፊቱ ጋር የተጣበቀ ቀጭን ላይከን ነው ያለው። የእኛው ዝርያ የለም። አንዱ ተማሪ «ተሳስተናል» አለ። ትንሽ አለፍ ስንል ግን ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሰማይ የተከፈተበት ቦታ ደረስን፣ እዚያ ዳር የቆመው ወይራ ላይ አገኘነው። ከዚያ በመንገዱ ዳር ዳር። ከዚያ ደግሞ መሬት ላይ፣ ነፋስ ከዛፍ አናት ጥሎት በነበረ ቅርንጫፍ ላይ ሞልቶ።

ይህ የወደቀው ቅርንጫፍ ነገሩን አበራልኝ። ላይከኑ ጥቅጥቁ ጫካ ውስጥም አለ፣ ግን ላይ ነው፣ ብርሃኑ ባለበት። ታች ጥላ ስለሆነ አይወርድም። አናቱ ሲሳሳ ወይም ጎረቤት ዛፍ ሲወድቅ ብርሃኑ ወደ ግንዱ ይወርዳል፣ ላይከኑም ተከትሎ ይወርዳል።

ጥድ ላይ ብዙም አላየነውም። የጥድ ቅርፊት በቃጫ እየተላጠ ይወድቃል፣ እንዲህ በሚልጥ ነገር ላይ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚያድግ ፍጥረት ተረጋግቶ መኖር ይቸግረዋል። ያረጀ ወይራ ግን ቅርፊቱ ሻካራና የጸና ነው።

ላይ አስታው ጋ ስንደርስ ደግሞ ጢም የመሰለው ኡስኒያ ተንጠልጥሏል። ይህ ከጉዳያችን ውጪ ነው፣ ግን ተማሪዎቹን ያስደሰተ ነገር ስለሆነ ልጻፈው። አንዱን ክር በቀስታ ስትስቡት ቆዳው ይሰበርና ከመሐሉ ነጭ፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ጅማት ይወጣል። ጅማቱ ካለ ኡስኒያ ነው።

ታዲያ ወይራውን ምን ያዘው?

ከሱባ ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው የሽማግሌው ቃል ትዝ ያለኝ። «ጥላው ሳለ ግንዱ ንጹሕ ነበር። ሽበት ያወጣው አናቱ ከሳሳ ወዲህ ነው።» ቅደም ተከተሉን ነግረውኛል እኮ! አናቱ ቀድሞ ሳሳ፣ ሽበቱ ቀጥሎ መጣ። እኔ ደግሞ በበረኪና ስታገል ከረምኩ።

ፖስታዎቹን አውጥቼ አየሁ። ከሁለቱ የታመሙ ዛፎች የተወሰዱት ሁሉ «ፀሐይ ያገኘዋል» ይላሉ። ከጤነኞቹ የተወሰዱት ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ወይም ከቅጥር ውጪ ካለው ጎን ናቸው። ጽሑፉ በእጄ ነበር፣ ያነበበው አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ፦ አናቱን ምን አሳሳው? አንድ የደን ባለሙያ ወዳጄን ይዤ ተመለስኩ። ወደ ግንዱ አላየም። ቀጥታ ወደ መሬት አየ። በሁለቱ ዛፎች ዙሪያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምእመናን መቀመጫ ተብሎ ሲሚንቶ ፈስሷል፣ እስከ ግንዱ ድረስ። ሌሎቹ ሰባቱ አፈር ላይ ናቸው። ዳሩን ቆፍሮ ቀጫጭን ሥሮችን አሳየን፤ ከሲሚንቶው ሥር ያሉት ጠቁረው በእጅ ይፈረፈራሉ፣ ከሲሚንቶው ውጪ ያሉት ነጭና ሕያው ናቸው። ሥር አየርና ውኃ ካላገኘ አናት ይደርቃል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ኮሚቴውን ያሳመነው የላይከኑ ስም አይደለም። ሳላዚኒክ አሲድ ስል አንዱ አባል አንቀላፍቷል። ያሳመናቸው ሁለቱ ሥሮች ናቸው፣ የሞተው በአንድ እጅ፣ ሕያው በሌላው። ከዚያ ደግሞ የሽማግሌውን ቃል በስብሰባው ፊት ደግሜ ተናገርኩ፣ ይህ ከሥሮቹም በላይ ሠርቷል መሰለኝ። ማላታይኑ ቀረ፣ ነፍሳት መግደያ ስለሆነ ቀድሞውንም ለዚህ አይሆንም ነበር። ኖራውም ቀረ። ትልልቅ ቅጠላማ ላይከኖች ድኝ ያለበት የፋብሪካ ጭስ ስለማይስማማቸው መኖራቸው ለአየሩ ጥሩ ምልክት ነው ስላቸው ደግሞ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማቸው።

ያልሠራውም አለ። ሲሚንቶውን የማንሳቱ ሥራ በገንዘብና «ገና እኮ አዲስ ነው» በሚል ክርክር ተጓቶ ከጥምቀት በኋላ ነው የተጀመረው፣ የተነሳውም በአንዱ ዛፍ ዙሪያ ብቻ ነው። የተፋቀው ዛፍ ቁስሉ አልዳነም። ላይከኑም እኔ መጀመሪያ በጻፍኩት የተሳሳተ ስም አሁን ድረስ «ፐርላተሙ» እየተባለ ይጠራል። ለማስተካከል ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ሌላ ቦታ ለሚገጥማችሁ

ተመሳሳይ ጥያቄ ከመጣላችሁ፣ ከስም በፊት ስለ ቦታው ጠይቁ። ዛፉ ምንድነው፣ ብርሃን ከመቼ ጀምሮ ነው የገባው፣ ሥሩ አካባቢ ምን ተሠራ። ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ እዚያው የኖረ ሰው ነው፤ የነገረህን በራሱ ቃል እዚያው ጻፈው፣ ለመረዳት አትቸኩል። እኔ ብጽፈው ኖሮ አንድ ወር ይተርፈኝ ነበር።

ናሙና ወረቀት ውስጥ እንጂ ፌስታል ውስጥ አይገባም። ጽሑፉ ዛፉ ሥር ቆማችሁ ይጻፍ። ትንሽ ቁራሽ ይበቃል፣ መሬት ላይ የወደቀ ካለ ደግሞ ከዛፉ ላይ አታንሱ፤ የወደቀ ቅርንጫፍ መሰላል ሳያስፈልጋችሁ የዛፉን አናት ያሳያችኋል።

ኬሚካል ከሞከራችሁ መጀመሪያ ኬሚካሉን ራሱን ሞክሩት። በረኪና በጨርቅ፣ ኬ በብርቱካናማ ላይከን። ቆዳውን ሳይሆን ነጩን፣ በችኮላ ሳይሆን በሰዓት። ፓራ የሚባል ሦስተኛ ሙከራም በመጻሕፍት ታገኛላችሁ፣ መርዛማ ስለሆነ እኔ ቤት አላስገባሁትም፣ ያለ እሱም ደርሰናል።

ስም ላይ ደግሞ የምታውቁት እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ሂዱ። «ፓርሞትሬማ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ስብሰባ ላይ የተነበበ የተሳሳተ ስም ነው፣ ከእኔ ጠይቁ።

አሁን ያለው

በቅርቡ ለንግሥ ሄጄ ነበር። ሲሚንቶው የተነሳለት ወይራ ከታችኞቹ ቅርንጫፎች አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ አናቱ ግን እንደደረቀ ነው። ሁለተኛው አሁንም ሲሚንቶ ውስጥ ነው፣ ብሷል። የተፋቀው ግንድ ላይ በቁስሉ ዙሪያ አረንጓዴ የአልጌ ዱቄት ይዟል፣ ላይከን ገና ነው።

ሽማግሌው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሌንሴን ተቀብለው መረቡን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ወይራ በከዘራቸው እየጠቆሙ «የዚህኛውን ሲሚንቶ መቼ ነው የምታስነሱልኝ?» አሉኝ።